ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርድ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጃችን አራት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። እስካሁን አትናገርም። ሐኪም ‹ኦቲዝም ሳይሆን አይቀርም› ብሎናል። እኔ ማታ ጥበቃ ስለምሠራ ቀን አብሬያት የምውለው እኔ ነኝ። እናቷ ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። በካርድ አነጋግሯት ስለተባልን 24 ሥዕል አሳትመን ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ሁለት ወር ሆነው፤ አንድ ቀን እንኳ ነክታው አታውቅም። የሆነ ነገር ስትፈልግ እጄን ትጎትታለች። ካልገባኝ ትጮኻለች፣ ጭንቅላቷን በእጇ ትመታለች። አማቴ ደግሞ ‹ካርድ ካስለመዳችኋት ጭራሽ አፏን አትፈታም› ይላሉ። ካርዱን እንተወው? ታብሌት እንግዛላት? ወይስ ዝም ብለን እንጠብቅ?»

ወንድሜ፣ ካርዱን አትተወው። ከግድግዳው ላይ ግን አውርደው። ታብሌቱ ይቆይ። ዝም ብሎ መጠበቅ አይሆንም። አጭሩ መልስ ይኸው ነው። ጊዜ ካለህ ደግሞ ረጅሙን እነግርሃለሁ፤ ማታ ጥበቃ ላይ ቁጭ ብለህ ታነበው ይሆናል።

ከካርዱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጆሮዋ ተመርምሯል? «ስልክ ላይ ዘፈን ሲከፈት እየሮጠች ትመጣለች፣ ጆሮዋ ደህና ነው» እንደምትለኝ እገምታለሁ። ብዙ ወላጅ እንዲህ ይለኛል። ነገር ግን አንዳንዱን ድምፅ ሰምቶ ሌላውን የማይሰማ ልጅ አለ። የሙዚቃው ምት ይሰማዋል፤ «ሰ» እና «ፈ» ግን ያመልጡታል። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ለወራት በደንብ የማይሰማም አለ። ስለዚህ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ካለው ሆስፒታል ሄዳችሁ የመስማት ምርመራ ይደረግላት። ጭንቅላቷን መምታቷንም እዚያው ንገራቸው። ጆሮውን ወይም ጥርሱን የሚያመው፣ ግን «አመመኝ» ማለት የማይችል ልጅ ጭንቅላቱን ሲመታ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ሁሉንም ነገር «ኦቲዝሙ ነው» ብሎ ማለፍ ለእኛ ለባለሙያዎቹም የሚቀል ስንፍና ነው።

ምርመራው የመስማት ችግር ካሳየ መንገዱ በከፊል ይቀየራል፤ የምልክት ቋንቋም ይመጣል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ የጣት ፊደል አለው። ለእያንዳንዱ የግዕዝ ሆሄ የእጅ ቅርጽ አለ፤ ካዕብና ሣልስ የመሳሰሉት ደግሞ እጁን በማንቀሳቀስ ይለያሉ። ባየሁት ቁጥር ያስደስተኛል። ላንተ ልጅ ግን ይህ ምናልባት አያስፈልግም። ወደ ካርዱ እንመለስ።

አማትህን አልፈርድባቸውም። ይህን ፍርሃት ከመምህርም፣ ከነርስም፣ አንድ ጊዜ ከሐኪምም ሰምቼዋለሁ። ደግነቱ ጉዳዩ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ግምገማ እስከዚያ ድረስ ከተሠሩት ጥናቶች ጥብቅ የሆኑትን መርጦ የ27 ሰዎችን ሁኔታ ተመልክቷል። ሥዕል፣ ምልክት ወይም መሣሪያ መጠቀም ከጀመሩ በኋላ ንግግሩ የቀነሰ አንድም ሰው አልተገኘም። 89 በመቶዎቹ ንግግራቸው ጨምሯል። የተቀሩት ባሉበት ቆይተዋል። ጭማሪው በብዙዎቹ ላይ ትንሽ ነበር፤ ይህንን ልደብቅህ አልፈልግም። ካርድ ንግግር ያመጣል ብዬ ቃል አልገባልህም። ንግግር ይገድላል የሚለው ግን ከፍርሃት የመጣ እንጂ የታየ ነገር አይደለም።

ለአማትህ ግን ቁጥር አትንገራቸው። ይልቅ እንዲህ ብለህ ጠይቃቸው፦ «እማዬ፣ የዘጠኝ ወር ሕፃን በጣቱ ሲጠቁም እጁን አስረን ተናገር እንላለን?» ማንም አይልም። ሕፃን ሁሉ ከአፉ በፊት በእጁ፣ በዓይኑና በለቅሶው ያወራል። የልጅህ እጅ መጎተትም ወሬ ነው። «አባዬ፣ እዚያ ጋ ያለውን አውርድልኝ» እያለችህ ነው። እኛ የምናደርገው ለዚያ ወሬ ጥርት ያለ መልክ መስጠት ነው። አፏ የተፈታ ቀን መናገር ከካርድ ይፈጥንላታል፤ ካርዱን ራሷ ትተወዋለች። ካልተፈታም ደግሞ የምትናገርበት ነገር በእጇ አለ።

አሁን ወደ ግድግዳው።

ልጅህ ካርዱን ለምን አልነካችውም? መልሱ እሷ ጋ አይደለም ያለው። ልጅህ ከተወለደች ጀምሮ ስንት ሰው አማርኛ ሲናገር ሰማች? አንተ፣ እናቷ፣ አያቷ፣ ጎረቤት፣ ቴሌቪዥን። በካርድ ሲናገር ያየችው ስንት ሰው ነው? እውነቱን ንገረኝ። ዜሮ ነው አይደል? ማንም በቤቱ የማይናገረውን ቋንቋ ግድግዳ ላይ ሰቅለን «ተናገሪበት» አልናት። እኔም ብሆን አልነካውም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የእሷ አይደለም፤ የእናንተ ነው። በካርዱ እናንተ አውሩ። ውሃ ልትቀዳላት ስትል የውሃውን ሥዕል በጣትህ ንካና «ውሃ» በል። ቅዳ። ስትጨርስ «አለቀ» የሚለውን ንካና «አለቀ» በል። በቃ። «ይሄ ምንድን ነው? አሳዪኝ! የታለ ውሃ?» ብለህ አትፈትናት። እጇን ይዘህ በግድ ካርዱ ላይ አታሳርፍ። እሷ ባትመልስም፣ ዞር ብላ ባታይም አውራ። አማርኛንስ ያስተማርናቸው እንዲህ አይደል? ገና በእቅፍ ሳሉ «ና እስቲ፣ ማነው የተራበው፣ የማን ልጅ ነህ» እያልን መልስ ሳንጠብቅ ስናወራ ነው የኖርነው። ሁለት ወር ለዚህ ነገር ምንም ማለት አይደለም።

አንድ የራሴን ጥፋት ላውጋህ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከውጭ የመጣ ቆንጆ የካርድ ስብስብ ተሰጠኝ። በየቤቱ ይዤው እዞር ነበር። «ቤት» የሚለው ጣሪያው ሾጣጣ፣ ጭስ ማውጫ ያለው፣ ዙሪያው በረዶ ነበር። «ዳቦ» የሚለው ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ነጭ ነገር ነው። ሰበታ አካባቢ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ይህንን ካርድ አገላብጦ አየው። ከዚያ ተነስቶ ወደ ጓዳ ሄደና የሳህን ማጠቢያው አጠገብ አስቀመጠው። እኔ ማስታወሻዬ ላይ «ካርድ አይገባውም» ብዬ ጻፍኩ። እናቱ ናቸው ስቀው የነገሩኝ። ስፖንጅ መስሎት ነው! ልጁ ገብቶት ነበር። ያልገባኝ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ከኢንተርኔት የወረደ ሥዕል ካለህ ተወው። በስልክህ የራሷን ኩባያ፣ የራሷን ጫማ፣ የሠፈራችሁን ሱቅ፣ ብሎካችሁ ሥር ያለውን ደረጃ፣ የእናቷን ፊት ፎቶ አንሣ። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትምና ላሚኔት አስደርገው። እያንዳንዱ ሥዕል ቁመቱም ወርዱም አምስት ሳንቲሜትር ገደማ ቢሆን ለጣቷ ይበቃል። ጀርባው ላይ የልጅ ጫማ ላይ ያለውን፣ ሲላቀቅ ጭርር የሚለውን ማጣበቂያ ለጥፍበት። መርካቶ የስፌት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋ በሜትር ይገኛል።

ሌላ ነገር። ግድግዳችሁ ላይ ያሉት 24ቱም ሥዕሎች የነገር ስም ናቸው ብዬ እወራረዳለሁ። ፖም፣ መኪና፣ አንበሳ፣ አውሮፕላን። አንበሳ ምን ትሠራበታለች? አንተ ራስህ ዛሬ ከነቃህ ጀምሮ ያልካቸውን ቃላት አስብ። «እሺ፣ ቆይ፣ ስጠኝ፣ እንሂድ፣ በቃ፣ የታለ፣ እምቢ፣ ገና ነው።» በእንግሊዝኛ የተሠሩ ጥናቶች ከዕለት ንግግራችን ውስጥ 80 በመቶው ገደማ ከጥቂት መቶ ቃላት የተሠራ መሆኑን አሳይተዋል። እነዚያ ቃላት አብዛኞቹ የነገር ስም አይደሉም። የትም የሚሠሩ ትንንሽ ቃላት ናቸው። «ጨምር» ለዳቦም ይሆናል፣ ለዥዋዥዌም ይሆናል፣ ለመኮርኮርም ይሆናል።

ለመጀመሪያው ሰሌዳ፣ ማለትም ካርዶቹን ለጥፈህ በእጅህ ለምትይዘው ጠንካራ ገጽ፣ እኔ የምመርጣቸው እነዚህ ናቸው፦ ስጠኝ፣ ጨምር፣ በቃ፣ አለቀ፣ ና፣ እንሂድ፣ ክፈት፣ እርዳኝ፣ እምቢ፣ ያመኛል። ከእነሱ ጎን እሷ የምትወዳቸው አምስት ስድስት ነገሮችና የቤተሰቡ ፊቶች ይሁኑ። በቃ። ሲለምዱት ይጨመራል።

እዚህ ጋ አማርኛችን ጣጣ አለው። ከውጭ የሚመጡት ሰሌዳዎች «እኔ»፣ «መፈለግ»፣ «ውሃ» የሚሉ ሦስት ሳጥኖች ያስደረድራሉ። በአማርኛ እንዲህ የሚል ሰው የለም። እኛ ዘንድ «ስጪኝ» ብለን ስንል ሰጪውም፣ ተቀባዩም፣ ሰጪዋ ሴት መሆኗም አንድ ቃል ውስጥ ገብቷል። ታዲያ ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ? እኔ «ስጠኝ / ስጪኝ» ብዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ልጅቷ ማንበብ አትችልም፤ ጽሑፉ ለአዋቂው ነው። ለእሷ ሥዕሉ አንድ ነው። ለአንተ ስትነካልህ «ስጠኝ አልሽኝ? እንኪ» ትላለህ። ለእናቷ ስትነካላት እናቷ «ስጪኝ አልሽኝ? እንኪ» ትላለች። ሥዕሉ ሳይቀየር ጆሮዋ ትክክለኛውን አማርኛ ይሰማል። ካርድ ይዘናል ብላችሁ አማርኛችሁን አትሰባብሩት። «ልጅ ውሃ መጠጣት» እያለ የሚያወራ አባት አጋጥሞኛል፤ ልጁ እንዲቀለው ብሎ ነው። አይቀለውም።

አቀማመጡም እንደ አማርኛ ይሁን። ግሣችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ነገሮቹን ወደ ግራ፣ «ስጠኝ»ን፣ «ክፈት»ን፣ «ጨምር»ን ወደ ቀኝ አድርጋቸው። ጣቷ ከ«ውሃ» ወደ «ስጠኝ» ሲሄድ «ውሃ ስጠኝ» ይሆናል። አንዴ ከተቀመጡ ደግሞ ቦታ አታቀያይር። ማታ እንቅልፍ ላይ ሆነህ መብራት ማብሪያውን እጅህ ራሱ እንደሚያገኘው ነው። ዓይኗ ሳይፈልግ እጇ «በቃ»ን ማግኘት አለበት፤ በተለይ ስትናደድ።

ሠፈራችሁ ኦሮምኛ የሚናገር ሰው እንደሚበዛበት አውቃለሁ። ምናልባት ከቤተሰቡም አለ። አትቸገር። ሥዕሉ አማርኛም ኦሮምኛም አይደለም። አንተ እየነካህ «ውሃ» ትላለህ፣ ጎረቤቷ እየነኩ «ቢሻን» ይላሉ። ልጅ በሁለት ቋንቋ አይጠፋም።

ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ይዘህ ዙር አልልህም። ከሌሊት ሥራ የመጣ ሰው ነህ፤ መተኛትም አለብህ። በቀን ሁለት ሦስት አጋጣሚ ምረጥ። የምግብ ሰዓት፣ ደረጃ መውረጃ ሰዓት፣ ገላ መታጠቢያ ሰዓት። ደረጃው ራሱ ትምህርት ቤት ነው። በየወለሉ ቆም በልና «እንሂድ» ንካ፣ ከዚያ ውረዱ። አራት ፎቅ አራት «እንሂድ» ነው። አምስተኛው ቀን ላይ ቆመህ ሰሌዳውን ዘርጋና ምንም አትበል። በልብህ እስከ አሥር ቁጠር። አሥር ቁጥር ረጅም ነው፤ አንተ ራስህ ትጨነቃለህ። ሌላው ጎረቤት «ምን ሆናችሁ?» ይላችኋል። ቢሆንም ቁጠር። እኛ አዋቂዎች ከሁለት ሰከንድ በላይ ዝምታ አንችልም። እነዚህ ልጆች ሐሳቡን አሰባስበው እጃቸውን ለማዘዝ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ ልክ ሊመልሱ ሲሉ እኛ እንቀድማቸዋለን።

ከሁሉ የምወደው አጋጣሚ ግን ቡና ነው። እናቷ እሑድ ቤት ስትሆን ቡና ይፈላል መቼም። ለዚህ ሥራ ከቡና የተሻለ ነገር ማንም አልፈጠረም። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ይዞራል፣ ይወቀጣል፣ ጀበና ይጣዳል። ልጅቷ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቃለች፤ ማወቅ ደግሞ ያረጋጋታል። መጠበቅም አለበት፤ «ገና ነው» የምትሉበት ቦታ ነው። ደግሞ ይደጋገማል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ ያው ንግግር ሦስት ጊዜ ይመጣል።

ፈንድሻውን አማትህ ይያዙት። አንድ ሙሉ ሰሃን አይስጧት። በሲኒ ጭልፍ አድርገው አራት አምስት ፍሬ ይስጧት። ስትጨርስ ሰሌዳው ላይ «አለቀ» ይንኩና ባዶውን ሲኒ ያሳዩዋት። ከዚያ «ጨምር»ን ነክተው ይጨምሩላት። የመጀመሪያው እሑድ እሳቸው ብቻ ያውሩ። ሁለተኛውም እሑድ እንደዚያው። በአንዱ እሑድ እጇ ወደ ሰሌዳው ሲመጣ ታያላችሁ። በትክክል «ጨምር» ላይ ባታርፍም ግድ የለም፤ «ጨምር አልሽ!» ብለው ይስጧት። ሙቀጫው ሲወቀጥ ጆሮዋን የምትይዝ ከሆነም «በቃ»ን ንኩላትና ወደ በረንዳ ይዘሃት ውጣ። ቃሉ ነገር እንደሚያንቀሳቅስ ያየችበት ቀን ትልቅ ቀን ነው።

ጉርሻም እንደዚያው ነው። እናቷን፣ አንተን፣ አያቷን በፎቶ አስቀምጡና «ማን ያጉርስሽ?» በሉ። የመረጠችው ሰው ያጉርሳት። ያልተመረጠው ሰው ሲያኮርፍ ደግሞ በጣም ትስቃለች። (ይህ ከልምድ ነው፤ ሁልጊዜ ይሠራል።)

አንድ የታወቀ የካርድ ዘዴም አለ፤ ባለሙያዎች ሲያወሩ «ፔክስ» ሲሉ ትሰማለህ። አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመሩት ነው። ቁም ነገሩ ልጁ ካርዱን በመጠቆም ፈንታ አንስቶ ለሰው መስጠቱ ነው። ካርዱ እጅህ ላይ ያርፋል፣ የጠየቀው ወዲያው ይመጣል። ለእንዳንተ ልጅ፣ ማለትም ሰው ሳይሆን የሰው እጅ ይዛ ለምትሄድ ልጅ፣ ይህ ጥሩ ነው። ሰው ጋ መድረስን ያስተምራል። ሲጀመር ግን ሁለት አዋቂ ይፈልጋል። አንዱ ፊት ለፊት የምትወደውን ይዞ ዝም ይላል። ሌላው ከኋላ ሆኖ፣ እሷ እጇን ወደ ነገሩ ስትዘረጋ፣ ካርዱን እንድታነሣና እንድትሰጥ ቀስ አድርጎ ያግዛታል። ከኋላ ያለው አያወራም። ካወራ የምትጠብቀው እሱን ይሆናል። እናቷ ቤት ባለችበት ቀን በቀን አሥር ጊዜ ብትሞክሩት ይበቃል።

«በቃ» እና «እምቢ» ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ቤት እነዚህን ሁለት ካርዶች አያስቀምጥም። ለምን ብትል፣ ልጁ ይጠቀምባቸዋላ! ግን አስብ። ልጅህ አሁን «እምቢ» የምትልበት መንገድ ጩኸትና ራስን መምታት ብቻ ነው። ሌላ ካልሰጠናት ያንኑ ታደርጋለች። ስለዚህ «በቃ» ስትል በተቻለ መጠን አቁምላት። ፀጉሯን ስታበጥር «በቃ» ካለች ማበጠሪያውን አስቀምጥ፤ ከአፍታ በኋላ ትመለሳለህ። የማይቻል ጊዜ አለ፤ መድኃኒት ስትወስድ፣ አስፋልት ስትሻገሩ። ያኔም «እምቢ አልሽ፣ ሰማሁሽ፣ ግን መኪና አለ» በላት። ሰሚ እንዳላት ትወቅ።

ውሃን፣ ምግብንና ሽንትን ግን በካርድ አታስለምናት። «ካርዱን ካላነሣሽ ውሃ የለም» የሚባል ነገር የለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ውሃን መጫወቻ አናደርገውም። ሰሌዳውንም ለቅጣት አትውሰድባት። አንተ ስትቆጣ ምላስህን የሚወስድብህ የለም።

ስታድግ ደግሞ የሰውነት ክፍሎችን ስም፣ የኃፍረተ ሥጋን ጭምር፣ እና «አትንካኝ» የሚለውን ጨምሩበት። ይህን ስል ፊቱ የሚጠቁር ወላጅ አለ፤ ይገባኛል። ነገር ግን የደረሰበትን መናገር የማይችል ልጅ ለጥቃት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ነውር ብለን ቃሉን ከነፈግናት ማንን እንደጠቀምን አስብ።

ካርድ ሳይኖርም ብዙ ነገር አለን። እኛ አገር «አዎ» ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፣ ቅንድባችንን ከፍ እናደርጋለን። የውጭ ሰው ይደነግጣል፤ ያመመን ይመስለዋል። ቃል የማይወጣው ልጅ ግን ይህን ሊያደርገው ይችላል። ልጅህ ቅንድቧን ታነሣ እንደሆነ ልብ ብለህ እይ። ባዶ ሁለት እጅ ዘርግቶ «የለም»፣ መዳፍ አጥፎ «ና» ማለትም አለ። ሰሌዳው ቤት ቢረሳ እነዚህ አይረሱም።

ታብሌቱ። ክፉ ነገር አይደለም፤ ለብዙ ልጆች ሕይወት ቀይሯል። ጀሞ አካባቢ የማውቀው አንድ ልጅ ስልኩን ተጭኖ በእህቱ ድምፅ «ወራጅ አለ!» ሲል ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየው። ረዳቱ «ሒሳብ አልቀበልም» አለ። ልጁ ለሁለት ሳምንት ያለ ቦታው ሁሉ «ወራጅ አለ» እያለ እናቱን አስቸገራት። ግን አሁን ለናንተ አልመክርም። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች አማርኛ አንብበው አይናገሩም፤ ድምፁን እናንተ መቅዳት አለባችሁ። መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል፤ ወረቀት ግን መብራት አይፈልግም። ደግሞ ያው ስልክ ቪዲዮ የምታይበት ከሆነ እሷ የምትፈልገው ቪዲዮውን ነው። ሦስት አራት ወር በወረቀት ከሄዳችሁ በኋላ አሮጌ ስልክ ካላችሁ ሲም ካርዱን ከውስጡ አውጡ። ነፃ የሰሌዳ መተግበሪያ ጫኑበት፤ ስልኩን በአንድ መተግበሪያ ላይ ብቻ የሚቆልፍ ቅንብርም አለው። ድምፁን በተቻለ መጠን የሴት ልጅ ድምፅ አድርጉት፤ የአጎት ልጅ ብትቀዳላት ደስ ይላል። በአንተ ጎርናና ድምፅ «እማዬ ነይ» ስትል ራስህም አታምንም።

ባለሙያ ጋም ተመዝገቡ። ኒያ ፋውንዴሽን በወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመሥርቶ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋመ ነው፤ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ከኮዬ ፈጬ መንገዱም ረጅም ነው። ተመዝገቡና ቤት ያለውን ሥራ ሳታቋርጡ ጠብቁ።

ኬጂ ስትገባ መምህሯን በብዙ ነገር አታስጨንቃት። አርባ ልጅ ይዛ ሊሆን ይችላል። አራት ትንንሽ ካርዶች በቁልፍ ቀለበት አድርገህ ቀሚሷ ላይ አንጠልጥል፦ ሽንት፣ ውሃ፣ እርዳኝ፣ በቃ። አንዱን የክፍል ልጅ መርጠህ አሳየው። ልጆች ከመምህርም ከኛም ይፈጥናሉ። «እዚህ አይቻልም» የሚል ካጋጠመህ፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አማራጭ የመግባቢያ መንገዶችን በስም ጠቅሶ እንደሚቀበል ረጋ ብለህ ንገረው።

ጸበል የምትወስዷት ከሆነም ውሰዷት፤ እኔ በዚህ አልገባም። ሰሌዳውን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ንጋት ላይ ያ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኛት «በቃ» ማለት የምትፈልግ ይመስለኛል።

ዛሬ ማታ ወደ ሥራ ከመውጣትህ በፊት የግድግዳውን ካርዶች አውርድ። አንበሳውን ተወው። ደብተር አንድ ገጽ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንዳለችና ለማን እንዳለች ጻፍ። በካርድ ባይሆንም፣ በእጅ፣ በዓይን፣ በጩኸት ያለችውን ሁሉ ጻፍ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንን ገጽ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ቀጥለው የሚጨመሩትን ቃላት ከዚያ ላይ እንመርጣለን። እሑድ ደግሞ ፈንድሻውን ለአማትህ መስጠት እንዳትረሳ።